ንፋስ ባለበት እሁድ የሞተር ክለብ የቁርስ ጉዞ፦ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ እንዴት እንደሚመራ

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያቆም የሞተር ሰው ወቅት ይጀምራል፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ እሁድ ጠዋት ተሰብስቦ ቢሾፍቱ ወርዶ ቁርስ በልቶ መመለስን የሚያህል ነገር የለም። ግን በዛው ሰሞን፣ እስከ የካቲትና መጋቢት ድረስ ማለት ነው፣ ንፋሱም ይበረታል። ዝናብ ካለ ጉዞ ይሰረዛል፣ ንፋስ ሲሆን ግን "ኧረ ይሄማ ምንም አይደል" ተብሎ ይወጣል። እኔ ደግሞ በግሩፕ ጉዞ ላይ ከዝናብ ይልቅ የምፈራው ንፋስን ነው። ዝናብን ሁሉም ያየዋል፣ ሳይነገረው ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ንፋስ ግን ከተማው አልቆ ሜዳው ላይ እስክትወጡ ድረስ መኖሩ አይታወቅም።

ከሁሉ በፊት ይሄ ይያዝልኝ፦ ንፋስ ባለበት ቀን ጉዞ የሚታቀደው ከመልሱ ተነስቶ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መሄጃው ነው፣ ስንት ሰዓት እንገናኝ፣ የት እንብላ፣ ማን ይምራ። መመለሻው ግን "በልተን እንመለሳለን" ተብሎ ይታለፋል። ከባዱ ደግሞ እሱ ነው፣ በሁለት ምክንያት።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ረግቶ ይቀመጣል፣ ንፋሱ በላይ በላይ ነው የሚያልፈው። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ መነሳትና መገላበጥ ይጀምራል፣ ያኔ የላይኛው ንፋስ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ነው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቅጠል የማይነቃነቅበት ቦታ 5 ሰዓት ላይ አቧራ የሚያስነሳው። ስትሄዱ ያያችሁት ንፋስና ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ንፋስ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው አቅጣጫው ነው፣ ይሄን በደንብ ልብ በሉት። በበጋ ንፋሱ ብዙ ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ በኩል ነው የሚመጣው። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ያለው መንገድ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ስትሄዱ ንፋሱ በግራ ጎናችሁ፣ በየረር ተራራ በኩል ይመጣል፣ ሲገፋችሁም ወደ መንገዱ ዳር ነው። ስትመለሱ ይገለበጣል፣ ንፋሱ በቀኝ ይሆንና የሚገፋችሁ ወደ መሃል መስመር፣ ከፊት ወደሚመጣው ሲኖትራክ ነው። ያው ንፋስ፣ ያው መንገድ፣ ግን ስህተት ብትሠሩ የምትወድቁበት ቦታ ሌላ ነው።

ቅዳሜ ማታ፦ ውጡ ወይ ተዉት

ቅዳሜ ወደ ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሊደሩ (ከፊት ሆኖ ግሩፑን የሚመራው)፣ ትንበያውን አይቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይጽፋል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ተመልከቱ፣ ከዛ እንደ ዊንዲ ያለ አፕ ላይ ቢሾፍቱን በየሰዓቱ እዩ። ሦስት ነገር ፈልጉ። አንዱ አማካይ ፍጥነቱ ነው፣ ሁለተኛው ገስት የሚሉት ድንገት የሚመጣው ግፊት፣ ሦስተኛው አቅጣጫው። ሰው የሚያየው አማካዩን ብቻ ነው፣ ሞተረኛን የሚጥለው ግን ገስቱ ነው፣ ምክንያቱም የማይለዋወጥ ንፋስ ላይ ዘንበል ብሎ መንዳት ይለመዳል፣ የሚመጣና የሚሄድ ንፋስ ግን እጅን ያደክማል።

አፑ በኖት ወይም በሜትር በሰከንድ እየቆጠረ እንዳያሳስታችሁ ሴቲንጉን ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀይሩት፣ 10 ሜትር በሰከንድ ማለት 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ ትንሽ ቁጥር መስሎ ትልቅ ንፋስ ነው። ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 9 ሰዓት የሚለው የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

እኔ የምመክረው መስመር እንደዚህ ነው። አማካዩ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሆነ እንደወትሮው ውጡ። ከ20 እስከ 35 ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ እያደረጋችሁ ውጡ። ከ40 ካለፈ ወይም ገስቱ ከ55 በላይ ከሆነ ጉዞው ይቅር፣ ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ ተገናኝታችሁ ብሉ። በ35ና በ40 መሃል ከወደቀ ደግሞ ትንንሽ ሞተሮች ካሉ ይቅር፣ ከሌሉ ተማከሩበት። ንፋሱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ "ከባለፈው ትንሽ ነው የጨመረው" የሚባል ነገር የለም። እና ቁጥሩን የምታዩት ለመሄጃው ሰዓት ሳይሆን ለመመለሻው ሰዓት ነው፣ ለ3 ሰዓት ተኩልና ለ4 ሰዓት።

ኔትወርክ ከሌለ ዛፍ እዩ። ትንንሽ ዛፎች ሙሉ በሙሉ መወዛወዝ ከጀመሩ ወደ 30 ደርሷል፣ ትልልቅ ቅርንጫፎች ከተነቃነቁና የኤሌክትሪክ ሽቦው ካፏጨ 40 ነክቷል፣ ትልቅ ባህር ዛፍ ከነግንዱ ከተወዛወዘ ሞተራችሁን ከግቢ አታውጡ።

ቦታውን ስትመርጡ

ለንፋስ ቀን ቢሾፍቱን የምመርጠው ቅርብ ስለሆነ ነው፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሃል ላይ ዱከም አለ፣ ማደያና ጎሚስታ አይጠፋም፣ የደከመው ሰው የሚቆምበት ቦታ አያጣም። "ትንሽ ገፋ አድርገን አዳማ እንብላ" የሚል ሰው ሁሌም አለ፣ በንፋስ ቀን አትስሙት። ከሞጆ በኋላ ያለው አገር ገላጣ ነው፣ አቧራው ተነስቶ እየተሽከረከረ መንገድ ያቋርጣል፣ አዳማ አጠገብ ያሉት ኮረብቶች ላይ እኮ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ንፋሱ አስተማማኝ ስለሆነ ነው። የደብረ ብርሃን መንገድም ቆንጆ ነው ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው የምትወጡት፣ ብርዱና ንፋሱ አንድ ላይ ሲመጡ ጣት ፍሬን መያዝ ያቅተዋል፣ እሱን ንፋስ ለሌለበት ቀን አቆዩት።

ሰዓቱ ከመልሱ ወደኋላ ይቆጠራል ብያለሁ፣ ስለዚህ እንቁጠር። ቢበዛ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አዲስ አበባ መግባት አለበት። ለመመለስ አንድ ሰዓት ከሩብ ስጡት፣ ስለዚህ ከቢሾፍቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ትነሳላችሁ። ለቁርስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ስለዚህ 1 ሰዓት ከ45 ላይ መድረስ አለባችሁ። ለመሄድ አንድ ሰዓት፣ ስለዚህ ከቃሊቲ 12 ሰዓት ከ45 ላይ ትነሳላችሁ፣ እዛው ማደያ ጋ ለመገናኘት ደግሞ 12 ሰዓት ከሩብ። ከዚህ ቀደም ብሎ መነሳት አልመክርም፣ በታህሳስና በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ በጨለማ ደግሞ ጋሪና ከብት አይታይም። የመነሻ ሰዓት ያለፈበት ሰው አይጠበቅም፣ ክፋት አይደለም፣ የሱ ሀያ ደቂቃ ሁሉንም ሰው ንፋስ ውስጥ ይከተዋል።

ሞተሩ ላይ የሚሠራ

ቅዳሜ ከሰዓት ሞተራችሁን አንድ ጊዜ በንፋስ ዓይን ተመልከቱት፣ ንፋስ የሚይዝ ነገር ምን አለበት ብላችሁ። የኋላው ሳጥን የመጀመሪያው ነው፣ ከፍ ብሎ ከኋላ ጎማ ጀርባ ስለተንጠለጠለ ንፋሱ እሱን ሲመታው የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ለቁርስ ጉዞ ሳጥን አያስፈልግም፣ ፍቱትና ቤት ተዉት። የጎን ሻንጣም እንደዛው። በላስቲክ ገመድ የታሰረ ጃኬት፣ ከረጢት፣ ሸራ የሚባል ነገር አይኑር፣ ሲፈታ የኋላ ጎማና ካቴና ውስጥ ነው የሚገባው።

የጎማ ንፋስ ሞተሩ ሳይነዳ በቀዝቃዛው ይለካ፣ ልኩ ካቴናው መሸፈኛ ወይም ፍሬሙ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የላላ ጎማ በጎን ንፋስ ላይ ይዋኛል። ቤንዚን ሙሉ ይሁን፣ 15 ሊትር ቤንዚን ወደ 11 ኪሎ ይመዝናል፣ ለትንሽ ሞተር እሱ ክብደት ይጠቅማል፣ ደግሞ ንፋስ ፊት ለፊት ሲሆን ቤንዚን የበለጠ ስለሚበላ ጉዞው መሃል ላይ ማደያ ፍለጋ አትቆሙም። ፍሬቻና የኋላ መብራት ይሥራ። አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር እንቅስቃሴ ከ2011 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በፈቃድ ስለሆነ ፈቃዳችሁንና መንጃ ፈቃዳችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፣ ግሩፑን በሙሉ የሚያስቆመው የአንድ ሰው ወረቀት ነው።

አለባበስ ላይ ረጅም አልሄድም። ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ መስታወቱ የተወለወለ፣ ከነፋስ የሚከላከል ጃኬት ሰውነት ላይ ጥብቅ ያለ፣ ጓንት። የሰፋ ጃኬት ይነፋና ወደኋላ ይጎትታችኋል፣ እጅጌውንና አንገቱን ዝጉት። ሻርፕ ከሆነ ጫፉ ጃኬት ውስጥ ይግባ። አንዳንድ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላ ለብሰው ከኋላ ተቀምጠው ይመጣሉ፣ ነጠላው ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ካልገባ አይነሳም፣ በዚህ ድርድር የለም። እንዲያውም በንፋስ ቀን ከኋላ ሰው ባትጭኑ ነው የሚሻለው፣ ካልቀረ ደግሞ መደገፊያ ይዞ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ፣ ንፋስ ሲመታ በራሱ ጊዜ የማያጋድል ሰው ይሁን።

መነሻው ላይ፦ አምስት ደቂቃ ንግግር

ማደያው ጋ ሁሉም ከደረሰ በኋላ ሞተር ጠፍቶ፣ ሄልሜት ወልቆ፣ ክብ ተሠርቶ ይወራል። ሄልሜት አድርጎ የሚሰማ የለም። መጀመሪያ ንፋሱ ከየት እንደሆነ ሊደሩ በእጁ ያሳያል፣ "አሁን ከዚህ ነው፣ ስንሄድ በግራ ይሆናል ስንመለስ በቀኝ" ብሎ። ትንበያው ከተባለው ከተለየ ደግሞ እዛው ይስተካከላል፣ የማደያው ባንዲራና የዛፉ ቅጠል ከአፕ ይበልጣል።

ከአምስት እስከ ሰባት ሞተር አንድ ግሩፕ ይሁን። አስራ አምስት ሞተር ከመጣ ሁለት ሦስት ቦታ ክፈሉት፣ በመሃላቸው አምስት ደቂቃ ይኑር። እያንዳንዱ ግሩፕ ሊደርና ጭራ፣ ማለት ከሁሉም ኋላ የሚነዳ ሰው፣ ይኑረው። ጭራ ላይ የሚሆነው ከሁሉም ልምድ ያለው ሰው ነው፣ የጎማ መለጠፊያና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑም እሱ ጋ ይሁን። ከሊደሩ ቀጥሎ ያለው ቦታ የአዲስ ሰውና የትንሽ ሞተር ነው፣ ቦክሰርና አፓቺ የመሳሰሉት ማለት ነው፣ ትልልቆቹ ከኋላ። ትንሹን ሞተር ከኋላ ካደረጋችሁት ለመድረስ ሲል አቅሙን አልፎ ይነዳል፣ ሲነዳም ንፋሱ ሲመታው አታዩትም።

ፍጥነቱን የሚወስነው ቀላሉ ሞተር ነው፣ ይሄ በግልጽ ይነገር። ለምሳሌ አንድ ጋሼ በትንሽ ሞተር ከመጡ ሊደሩ ቀርቦ "ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ከኔ ቀጥሎ ይሁኑልን፣ የሚመችዎትን ፍጥነት ያዙ፣ እኔ በስፔኪዮ እያየሁ እሄዳለሁ" ይበላቸው። ልጅ ከሆነ ደግሞ "ወንድሜ አንተ ከኋላዬ፣ ካልተመቸህ ፍሬቻ አብራ ወዲያው እንቆማለን" በቃ። ለመቆም መጠየቅ አሳፋሪ እንዳልሆነ ሊደሩ በአፉ ካልተናገረ ማንም አይጠይቅም፣ ሰው ይጨነቃል እንጂ አይቆምም።

ስልክ ቁጥር ይለዋወጡ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ 991 ፖሊስ ስልክ ላይ ይመዝገብ። ቁርስ ቤቱ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ተደውሎለት የሰው ብዛት የተነገረው መሆን አለበት፣ የጾም ስንት የፍስክ ስንት ተብሎ፣ በህዳርና ታህሳስ የነቢያት ጾም ስላለ ግማሹ ሰው ጿሚ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ደርሶ ሜኑ ማየት ሰዓቱን ይበላዋል።

መሄጃው

ከተማ ውስጥ ያለው ክፍል ቀላል ነው፣ ሕንጻው ንፋሱን ይይዝላችኋል፣ ግን እሱም ያታልላል። አቃቂን አልፋችሁ ሕንጻው ሲሳሳ በየክፍተቱ ብው ብሎ ይመጣል፣ በተለይ ረጅም አጥር ሲያልቅና ድልድይ ላይ። ክፍተት ሳታልፉ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ከመታችሁ በኋላ አይደለም።

በደህና ቀን ሞተር ግሩፕ በዚግዛግ ነው የሚነዳው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። በንፋስ ቀን ዚግዛጉ ይቀራል። አንድ መስመር ያዙ፣ በመሃላችሁ አራት ሰከንድ ይኑር፣ ማለት ከፊታችሁ ያለው ሞተር አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩና እናንተ ስትደርሱ አራት መሙላት አለበት። በ70 ኪሎ ሜትር በሰዓት አንድ ሰከንድ ወደ 19 ሜትር ነው፣ አራት ሰከንድ 78 ሜትር ገደማ። ብዙ ይመስላል፣ ግን ከፊታችሁ ያለው ሰው ንፋስ መትቶት አንድ ሜትር ሲዘል ጎኑ ላይ ሌላ ሞተር እንዳይኖር ያደርጋል፣ ለናንተም ንፋሱ የት ጋ እንዳለ ቀድሞ ያሳያችኋል። ፍጥነቱ ከ60 እስከ 70 ይበቃል።

አነዳዱ እንደዚህ ነው። እጃችሁን ልቀቁት፣ ክርናችሁ ይታጠፍ፣ ታንከሩን በጉልበታችሁ ያዙ፣ ደረታችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ሰው ሲፈራ መሪውን አንቆ ይይዛል፣ ያኔ ንፋሱ ትከሻውን ሲመታው ትከሻው እጁን፣ እጁ መሪውን ይገፋና ሞተሩ ራሱ ከሚሄደው በላይ ይሄዳል። ንፋሱ በግራ ሲሆን የግራውን እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ወደፊት ግፉት፣ ሞተሩ ወደ ግራ፣ ወደ ንፋሱ ዘንበል ይላል፣ ቀጥ ብላችሁም ትሄዳላችሁ። ንፋሱ በቀኝ ከሆነ የቀኙን። ወደፊት መግፋት ነው፣ ማዞር አይደለም። ይሄን ለአዲስ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ቀደም ብሎ ማለማመድ ጥሩ ነው፣ መንገድ ላይ በቃል ብቻ አይገባም።

አሁን ትልቁ ነገር፣ መከለያ። ወደ ንፋሱ ዘንበል ብላችሁ እየሄዳችሁ ድንገት ንፋሱ ከተከለለ ሞተሩ ወደ ዘነበለበት ይሄዳል። ስትሄዱ ንፋሱ በግራ ነው ብለናል፣ አንድ አውቶብስ በግራ በኩል ደርቦ ሲያልፋችሁ ንፋሱን ይጋርደዋል፣ እናንተ ወደ ግራ ዘንበል ስላላችሁ ወደ አውቶብሱ ትጠጋላችሁ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ንፋሱ ተመልሶ ወደ ዳር ይወረውራችኋል። ስለዚህ በስፔኪዮ አውቶብስ ስታዩ ጋዝ ቀንሱ፣ የገፋችሁትን እጀታ ለቀቅ አድርጉ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ቦታ ስጡትና ይለፍ። ከፊት የሚመጣ ተሳቢ ያለው መኪናም እንደዛው ነው፣ ጋርዶ ይለቃል፣ በተጨማሪ የራሱ ንፋስ አለው።

ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ የአድአ ጤፍ አገር ነው፣ ከህዳር እስከ ጥር አጨዳና ውቂያ ነው፣ ጭድ የጫነ አይሱዙ ከፊታችሁ ካለ በፍጹም ከኋላው አትሂዱ። ጭዱ እየበነነ ሄልሜት ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ውስጥ አንዲት ስንጥር ከገባች ሞተሩ ያለ ነጂ ሄደ ማለት ነው። መስታወቱን ዝጉ፣ ራቅ በሉ፣ ካልቻላችሁ ቆማችሁ አስቀድሙት።

አቋቋም፣ ማለት ሞተሩን ማቆም

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ማንም ሳይነዳው ስንት ሞተር እንደወደቀ የሚያውቅ ያውቃል። የጎን ማቆሚያው በግራ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ ወደ ግራ ተጋድሞ ነው የሚቆመው። ንፋሱ ከግራ ከመጣ ሞተሩን ቀና ያደርገዋል፣ ትንሽ ከበረታ ወደ ቀኝ ይጥለዋል፣ በዛ በኩል ደግሞ ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ቁርስ ቤቱ በር ላይ ሁሉም እንደመጣ ከመቆሙ በፊት ሊደሩ ይውረድና ንፋሱን አይቶ አቅጣጫ ይስጥ፣ ንፋሱ በቀኝ ጎን ወይም በፊት እንዲመጣ። አንደኛ ማርሽ ውስጥ አስገቡት፣ መሪውን ወደ ግራ ጥምዝዝ አድርጉት። የመሃል ማቆሚያ አትጠቀሙ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ከፍ ስለሚያደርገው በቀላሉ ይወድቃል። መሬቱ አፈር ወይም ጠጠር ከሆነ ከማቆሚያው ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባ። በሁለት ሞተሮች መሃል ሰው እጁን ዘርግቶ የሚያልፍበት ቦታ ይኑር፣ አንዱ ቢወድቅ እንደ ዶሚኖ ሁሉም እንዳይተኛ። ሸራ አታልብሱት፣ ሄልሜት ስፔኪዮ ላይ አትስቀሉ።

ቁርሱ

ብሉ፣ የመጣችሁት ለዛ ነው። ጨጨብሳ በማር፣ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ቅንጬ፣ ለጿሚ ፉልና የጾም ፍርፍር። ከንፋስ የወጣ ሰው ሳይታወቀው ውሃ አጥቷል፣ አየሩ ደረቅ ነው ንፋሱም ይጠርጋል፣ ስለዚህ ከቡናው በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ሁሉም ይጠጣ። እኔ በሰፊ ትሪ አንድ ላይ መብላቱን እወዳለሁ፣ ክለብ ክለብ የሚሆነው እዛ ላይ ነው፣ ፊቱ የገረጣውን፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውን፣ ዝም ያለውን ሰው የምታዩትም እዛው ነው። ዝም ያለውን ሰው ጠይቁት፣ ለብቻ፣ ሰው ሳይሰማ፣ "እንዴት ነበር መንገዱ?" በሉት። "ደህና ነው" ብሎ ዓይኑን ከሰበረ ደህና አይደለም። ቢራ ለመመለስ ላለ ሰው የለም፣ አንድም ቢሆን።

ከመነሳት ግማሽ ሰዓት በፊት ሊደሩና ጭራው ውጭ ወጥተው አየሩን ይዩ። እዛ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። ንፋሱ እንደጠበቃችሁት ከሆነ በሰዓታችሁ ተነሱ። ቀድሞ ከበረታ ቡናው ይቅርና አሁኑኑ ተነሱ፣ ለዚህ ነው ሂሳብ ቀደም ብሎ መከፈል ያለበት። ቅዳሜ ካስቀመጣችሁት የንፋስ መስመር ካለፈ ደግሞ አትነሱ፣ ሀይቅ ዳር ተቀመጡ፣ ሆራ አለ ባቦጋያ አለ፣ ወደ ማታ 11 ሰዓት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙ ጊዜ ይረግባል፣ ግን ሳይጨልም መግባት እንድትችሉ አስሉት። ሰኞ ሥራ አለብኝ የሚል ሰው ሚኒባስ ይዞ ይግባ፣ ሞተሩን ግቢ ያለው ሰው ጋ ያቆየዋል።

መመለሻው

አሁን ንፋሱ በቀኝ ነው፣ የሚገፋችሁም ወደ መሃል። ስለዚህ ከመስመራችሁ ቀኝ ሦስተኛው ላይ ንዱ፣ የተገፋችሁ እንደሆነ ከመሃል መስመሩ ጋር ቦታ እንዲኖራችሁ። በጣም ዳር ግን አትሂዱ፣ አሸዋና ጭድ ተጠርጎ የሚከማቸው እዛ ነው፣ እግረኛና ጋሪም እዛው ነው። የቀኝ እጀታው በቀስታ ወደፊት እየተገፋ ይቆይ፣ ደጋግሞ እየጨመረና እየቀነሰ እንጂ በግትርነት አይደለም። ርቀቱን ከአራት ሰከንድ ወደ አምስት ከፍ አድርጉት፣ ፍጥነቱን ወደ 60።

መቅደም። እዚህ ጋ ሁሉንም ሰው እለምናለሁ፣ የምጽፈው በሙሉ የዚህች አንቀጽ ያህል አይሆንም። ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ ከባድ መኪና ልትቀድሙ በግራው ስትወጡ መኪናው በቀኛችሁ ነው፣ ንፋሱም በቀኝ ነው፣ ስለዚህ መኪናው ንፋሱን ሙሉ በሙሉ ይከልልላችኋል። ጎኑ ላይ ስትሄዱ ጸጥ ይላል፣ ሞተሩ ይቀላል፣ ሰው ደስ ብሎት ጋዝ ይጨምራል። የመኪናውን አፍንጫ ያለፋችሁባት ቅጽበት ግን የተከለለው ንፋስ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከቀኝ ይመታችኋል፣ ያላችሁት ደግሞ የሌላ ሰው መስመር ላይ ነው፣ በግራችሁ ምንም የለም። መሃል ደሴት በሌለበት ቦታ በንፋስ ቀን ከባድ መኪና አትቅደሙ። የግድ ከሆነ ከፊት የሚመጣ ምንም ነገር በሌለበት ረጅም ቀጥ ያለ ቦታ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ መኪናው አፍንጫ ስትደርሱ የቀኙን እጀታ ለመግፋት ተዘጋጅታችሁ፣ ካለፋችሁም በኋላ ወዲያው ወደ ፊቱ ሳትገቡ። ሊደሩ ስላለፈ ሌላው ይከተል ማለት አይደለም፣ እያንዳንዱ በራሱ ዓይን አይቶ ነው የሚወጣው። ሊደሩም ቀድሞ ከሄደ ፍጥነት ቀንሶ ይጠብቅ፣ አለበለዚያ የኋላው ሰው ለመድረስ ሲል የማይሆን ቦታ ላይ ይወጣል።

ዱከም ላይ አንድ ጊዜ ቁሙ፣ ማንም ባይደክም እንኳ። እጅ ይፍታታ፣ አንገት ይዙር፣ ውሃ ይጠጣ፣ አምስት ደቂቃ። ንፋስ ላይ የሚደክመው አንገትና አንጓ ነው፣ ሰው ደግሞ እስኪቆም ድረስ አይታወቀውም።

አቧራ ካያችሁ፣ ከሩቅ እየተሽከረከረ የሚመጣውን አውሎ ነፋስ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አብሩና ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ቁሙ፣ አቋርጦ እስኪያልፍ ጠብቁ፣ ፍጥነት ጨምሮ መሃሉን ማለፍ የሚባል ነገር የለም። አስፋልቱ ላይ ግን አትቁሙ፣ ከኋላ የሚመጣው መኪናም አይታየውም።

አንድ ሰው ከወደቀ ጭራው ነው ወደሱ የሚሄደው፣ ሌላው ሁሉ ከመንገድ ወጥቶ ይቆማል። አንድ ሰው መቶ ሜትር ያህል ወደኋላ ሄዶ መኪና ያቀዘቅዛል። ሄልሜቱን አታውልቁለት፣ አተነፋፈሱ ካልተቸገረ በስተቀር፣ አታንሱት፣ 907 ደውሉ። ሞተሩ ይቆይ፣ ሞተር ለማንሳት አምስት ሰው ሮጦ ሰውየው ብቻውን የሚተኛበት ጊዜ አለ።

ከተማ ከገባችሁ በኋላ ሰው ወደየሰፈሩ ስለሚበተን አቃቂ አካባቢ ተሰናበቱና ሁሉም ቤቱ ሲደርስ ግሩፑ ላይ "ገባሁ" ብሎ ይጽፋል። ሊደሩ ሊስቱን ይዞ ያመሳክራል፣ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ያልጻፈ ካለ ይደወልለታል፣ ካላነሳ ከሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የገባው ሰው ተመልሶ ያየዋል።